የአማቴ ዋግምትና እረፍት ያጡ እግሮቼ

ይህን የምጽፈው ጎኑን ሲያሳርፍ እግሩ «ተነስ!» ለሚለው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት የማያውቅ ሰው ቢያነበውም አይከፋኝም፤ ብቻ እባካችሁ ቶሎ አትሳቁ። እኔ ራሴ ዛሬ ሳስበው ሳቄ ይመጣል፤ ያኔ ግን፣ እመኑኝ፣ የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ሙላው እባላለሁ። ሰቆጣ ላይ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ካለው መንገድ ዳር ልብስ እሰፋለሁ። የተማሪ ዩኒፎርም በሉ፣ የሙሽራ ካባ በሉ፣ ሱሪ ማሳጠር በሉ፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። ሕመሙ የጀመረኝ በእኛ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ አለሚቱን ካገባሁ ብዙም ሳልቆይ ነው። በፊት ድካም መስሎኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ ውዬ ማታ አረፍ ስል ከጉልበቴ በታች፣ ቆዳዬ ላይ ሳይሆን ከውስጥ፣ አጥንቱ አካባቢ የሆነ ነገር ይርመሰመሳል። ሕመም ነው እንዳልል አያምም። ማሳከክ ነው እንዳልል የሚታከክ ቦታ የለውም። ያቅበጠብጠኛል። ተነስቼ ትንሽ ስንጎራደድ ፀጥ ይላል። ተገላገልኩ ብዬ ስጋደም ደግሞ ይጀምራል።

አለሚቱ ደሃና ከሚባለው ወረዳ የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። ስትቆጣም ስትስቅም ድምፅዋ አንድ ነው፤ ጎረቤት ተጣላን ወይስ ተጫወትን የሚለውን ለይቶ አያውቅም። እንቅልፍ ወስዶኝም እግሬ አያርፍ ኖሮ፣ አንድ ቀን ጠዋት ቁርጭምጭሚቷን እያሸች «አንተ ሰውዬ፣ የዳሩኝ ለበቅሎ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሳቅን። ያን ጊዜ ገና የምንስቅበት አቅም ነበረን።

እያደር ባሰ። ለቅሶ ቤት ከሽማግሌዎች መሀል ስቀመጥ እግሬ ይጀምረኛል። ለቅሶ ደርሶ የሚቁነጠነጥ ሰው ምን ይባላል? ሐዘኑ አልገባውም ይባላል። ተነስቼ ስወጣ ደግሞ ናቀን ይሉኛል። ቅዳሴ ላይ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሜ ሳስቀድስ ምንም የለብኝም። ጎረቤቶቼ ይህን ሲሰሙ ወዲያው ፈረዱ። «መንፈስ ነው። ከቅጽሩ ስትገባ ይሸሻል፣ ስትወጣ በር ላይ ይጠብቅሃል» አሉኝ። እኔም አመንኩ። እንዴት አላምን? በገዛ እግሬ እያየሁት! ጸበል ገባሁ። በጸበሉ አልቀልድም፤ ብዙ ጭንቀቴን አቅልሎልኛል። ነገር ግን እዚያም የምጠመቀው ቆሜ ነው፣ ስቆም ደግሞ እግሬ ድሮም ደህና ነው። ይህን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሕክምናውም ተራውን ያዘ። አንዱ ክሊኒክ «ሪህ ነው» ብሎ መርፌ ወጋኝ። ሌላው «ኩላሊትህ ነው፣ ውኃ ጠጣ» አለኝ፤ ጠጣሁ፣ እግሬም ሽንቴም አላስቀምጥ አሉኝ። በመጨረሻ ራቅ ያለ ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ተላክሁ። አውቶብስ ውስጥ ጉልበቴ ከፊት ወንበር ጋር ተጣብቆ የሄድኩትን መንገድ ለጠላቴም አልመኝም። ሆስፒታሉ ደርሼ ደግሞ ሌላ ፈተና፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ተራ መጠበቅ። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። «ወንድሜ፣ አርፈህ ተቀመጥ እንጂ! ሰው ታውካለህ» አለችኝ ካርድ የምትጠራው ልጅ። ፊቴ በእፍረት ቀላ። በሩ ላይ የነበሩት ሽማግሌ ዘበኛ ግን ጠራ አደረጉኝና «ና ከኔ ጋር አጥር ጠብቅ፤ ስምህ ሲጠራ እኔ እሰማልሃለሁ» አሉኝ። ስለ አገራቸው ማር እያወሩልኝ አብረን አጥሩን ስንዞር ዋልን። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ዛሬም በጸሎቴ አነሳቸዋለሁ፤ እግዜር ማን እንደሆኑ ያውቃል።

ሐኪሙ ጉልበቴን አየ፣ ራጅ አስነሳኝ፣ አጥንቴ ደህና መሆኑን ነገረኝ። «ጭንቀት ነው፤ ነርቭ» ብሎ ማታ ማታ የሚዋጥ የሚያስተኛ ኪኒን ጻፈልኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ከኔ ኋላ የተሰለፈውን ሰው ብዛት አይቻለሁ። ኪኒኑ ግን ጉድ ሠራኝ። ራሴን እንደ ድንጋይ ያከብደዋል፣ እግሬ ደግሞ ከበፊቱ ብሶ እስክስታውን ይወርዳል። ሐኪም የሰጠኝን እንዴት እተዋለሁ ብዬ ለዓመታት ዋጥኩት።

አሁን ስለ እማማ ብርዛፍ ልንገራችሁ። እማማ ብርዛፍ የአለሚቱ እናት ናቸው፤ ደሃና ገጠር ይኖራሉ። ቀጠን ያሉ፣ ፈጣን፣ ቁጭ ብሎ ማውራት የማይወዱ ሴት ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በኽምጣኛ ነው፤ አማርኛውን የሚናገሩት ለኔ ብለው ነው። ሲቆጡ ግን ወደ ኽምጣኛቸው ይመለሳሉ፤ አለሚቱም እየሳቀች ግማሹን ብቻ ትተረጉምልኛለች። እኔ እናቴን በልጅነቴ ያጣሁ ሰው ነኝ። እማማ ብርዛፍ «ልጄ» ሲሉኝ አንጀቴ ይርሳል፤ አማት አይፈራም ወይ ለምትሉኝ፣ እፈራቸዋለሁም፣ እወዳቸዋለሁም።

በደሃና ዋግምት የሚያውቅ ሰው ቢጠራ መጀመሪያ የሚነሳው የሳቸው ስም ነው። ለማያውቀው ላስረዳ። በምላጭ ቆዳውን ጫር ጫር ያደርጉና ጫፉ የተበሳ የከብት ቀንድ ይደፉበታል። በአፋቸው አየሩን ስበው ቀዳዳውን በሰም ይደፍኑታል። ቀንዱ ደሙን እየሳበ ይሞላል። የሚወጣው መጥፎው ደም ነው፣ ሲወጣ ሰውነት ይቀልላል ይባላል። እማማ ብርዛፍ የኔን ሁኔታ ሲሰሙ ጥያቄ አላበዙም። አህያቸው ላይ ገብስ ጭነው፣ ቀንዶቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡና «እግርህን አምጣ» አሉኝ። ባቴ ላይ አደረጉልኝ።

ያን ቀን ተኛሁ። ሲነጋ አለሚቱ ደረቴን ነካክታ መተንፈሴን አረጋገጠች። ከዚያ በኋላ ማን ያቆመን? እማማ ብርዛፍ ለገበያ በመጡ ቁጥር ቀንዱ አብሮ ይመጣል። ቤቱ ሁሉ ደስ ይለዋል። ልጆቻችን ዙሪያቸውን ይከባሉ፣ አለሚቱ ውኃ ታሞቃለች፣ እሳቸው ጉልበታቸውን አጥፈው እግሬን ጭናቸው ላይ ያስቀምጡና እንደ ሕፃን እያባበሉ ይበጡኛል። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ አይዞህ፣ ይኸው ሊወጣልህ ነው።» እናት ማለት እንዲህ ናት እያልኩ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ፋታው ግን እያጠረ ሄደ። ቀደም ሲል ለሳምንት የሚበቃኝ ለአንድ ሌሊትም አልበቃኝ አለ። እግሬ ማታ ይጀምር የነበረው ከሰዓት በኋላም ይጀምረኝ ያዘ፤ ከእግሬ አልፎ ክንዴ ላይ ወጣ። ከሱቄ ወደ ቤቴ ያለችው ዳገት ልቤን ታፈርሰው ጀመር። ፊቴ ነጣ። እማማ ብርዛፍም አይተውኝ ደነገጡና «ደምህ ገና አልጠራም» ብለው ቀንድ ጨመሩልኝ። እኔም አመሰግናቸው ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ አለሚቱ ፍራሽ ጠቅልላ ወደ ልጆቹ ክፍል ስትወስድ አገኘኋት። ያን ሰሞን ትንሿን ልጃችንን ታጠባ ነበር። «ጠልቼህ እንዳይመስልህ» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። «እኔም ካልተኛሁ ይህን ቤት ማን ያቆመዋል?» ልክ ነበረች። «ሂጂ፣ ደግ አደረግሽ» አልኳት። እሷ እያለቀሰች ፍራሹን ወሰደች፣ እኔ ባዶው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ገንዘብም ሥራም ያኔ አልታየኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈጣሪን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሚስቴ ከጎኔ እንድትተኛ።

እንዲህ እንዳለሁ ሚሊኒየሙ ከተከበረ በኋላ ሲሳይ የሚባል ወጣት ጤና መኮንን ሰቆጣ ተመደበ። ሱሪ ሊያሳጥር ሱቄ ገባ። እኔ መኪናዬን እረግጣለሁ፣ እሱ ቆሞ ያያል።

«ጋሽ ሙላው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መኪናው ላይ እኮ ጨርቅ የለም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ክርም አልነበረበትም። እግሬ እንዲያርፍልኝ ባዶውን መርገጥ ልማዴ ሆኖ ቀርቷል። አፈርኩና ተውኩት። ወዲያው ደግሞ ጀመረኝ፣ መልሼ ረገጥኩ። ልጁ አልሳቀም። በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ይጠይቀኝ ጀመር። ሲያርፉ ነው የሚነሳው? ሲንቀሳቀሱ ይሻላል? ማታ ይብሳል? የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ገልብጦ አየ።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ትምህርት ቤት ስሙን ሰምቼዋለሁ፤ አክሜው ግን አላውቅም። ሳላነብ አልነካዎትም።»

ስንቱ ሐኪም አይቶኛል! «አላውቅም» ያለኝ ግን እሱ የመጀመሪያው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ይሆናል። እኔ ግን እዚያው ወደድኩት፤ ሱሪውንም ቀድሜ ሠራሁለት።

በሲሳይ መሥሪያ ቤት፣ ጸሐፊዋ ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት ያለው አንድ ኮምፒውተር ነበር፤ የሚሠራው በስልኩ መስመር ነው። ስልክ ከተደወለ ይቋረጣል። ሲሳይ ጸሐፊዋን ለምኖ ስልኩን አስያዘና ከሰዓት በኋላ ጠራኝ። ገጹ እንደ ጥልፍ ሥራ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ይወጣል። ግማሽ ላይ ሲደርስ የሆነ ሰው ይደውላል፣ ድንግጥ ብለን እንደገና እንጀምራለን። ጸሐፊዋም «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ አለቃዬ ሊያባርረኝ ነው!» ትላለች፤ ግን ትስቃለች።

«ይሄ ተራ ወሬ አይደለም» አለኝ ሲሳይ። «ሐኪሞች ለሐኪሞች የሚያዘጋጁት ማጣቀሻ ነው። ምን እንደምጠይቅ፣ ምን እንደማልሰጥ ይነግረኛል። ቢሆንም እርስዎን ያየሁት እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም፤ ልብ ይበሉ።» ከዚያ እየተረጎመ አነበበልኝ። የበሽታው ስም «እረፍት የለሽ እግር» እንደማለት ነው። እግርን የማንቀሳቀስ፣ ሊቋቋሙት የማይቻል ፍላጎት፤ ሲያርፉ መነሳቱ፤ ሲራመዱ ፋታ መስጠቱ፤ ሲመሽ መባሱ። እኔ ከኋላው ቆሜ እሰማለሁ። አንድ የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር፣ የኔን ሌሊት አንድ በአንድ ጽፎት ቁጭ ብሏል። መንፈስም አይደለም፣ እብደትም አይደለም፣ ስም ያለው በሽታ ነው! እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሲሳይ እንዳላየ ሆኖ ማንበቡን ቀጠለ።

ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛው፣ ያ ለዓመታት የዋጥኩት የሚያስተኛ ኪኒን ይህን በሽታ ከሚያብሱት መድኃኒቶች ወገን ነው። «በአንድ ጊዜ አይጣሉት፤ ቀስ በቀስ እኔ አስተውዎታለሁ» አለኝ። ሁለተኛው፣ የበሽታው አንዱ ምክንያት በሰውነት ውስጥ የብረት ማነስ ነው። ብረት ደም የሚሠራበት ነገር መሆኑን ነገረኝ።

«ደም ይፈስዎታል?»

«የለም።»

«ኪንታሮት? ጨጓራ? ጥቁር ሰገራ?»

«ኧረ የለም አልኩህ።»

ወደ ገጹ ተመለሰ። «እዚህ ላይ ደግሞ ደም ደጋግመው የሚለግሱ ሰዎችን ይይዛል ይላል። ለግሰው ያውቃሉ?»

«ለማን?» አልኩት። ሰቆጣ ላይ ማን ደም ይለግሳል ያኔ! ሁለታችንም ሳቅን። እየሳቅሁ ባቴ ሲቆጠቁጠኝ ሱሪዬን ሰብስቤ አሸት አሸት አደረግሁት። ሲሳይ ዓይኑ እግሬ ላይ ቀረ። ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበቴ ድረስ ክብ ክብ ጠባሳ፣ በላይ በላዩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ይሄማ ዋግምት ነው።»

«በየስንት ጊዜው?»

«አማቴ በመጡ ቁጥር።»

«ጋሽ ሙላው! ደም አይፈሰኝም ብለውኝ ነበር እኮ!»

«እንዴ፣ ያ እኮ መጥፎው ደም ነው!»

ጸሐፊዋ እንኳ ሳቋን አቆመች። ያኔ ገና ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ልጁ ስለ ደም ሁሉ ሲጠይቀኝ ዋግምቱ ለአንድ አፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም፤ ለኛ እሱ ሕክምና እንጂ ደም ማጣት አይደለም። የሕመሜን መድኃኒት ስንፈልግ የኖርን መስሎን ለካ ሕመሜን ስንመግበው ኖረናል።

ደሜን ላቦራቶሪ አየው፤ አንሷል። ሰገራዬንም አስመረመረኝ፤ ደህና ነው። የተጠራቀመውን ብረት የሚለካው ምርመራ ሰቆጣ አልነበረም። ሲሳይ በእህል ጎታ መሰለልኝ። «ለዕለት የሚፈጨው እህል ትንሽ ትንሽ አለ፤ ጎታው ግን ባዶ ሳይሆን አይቀርም። ጎታ ደግሞ በአንድ ቀን አይሞላም።» የብረት ኪኒን ሰጠኝ። በውኃና በሎሚ እንድወስደው፣ ከቡና፣ ከሻይና ከወተት ጋር እንዳላገናኘው፣ ቡናዬን ጠዋት ብቻ እንድጠጣ ነገረኝ። መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዋግምቱ ግን መቆም አለበት። በአፍ የሚገባው በእግር ከወጣ እኔም ያ ማጣቀሻም አናድንዎትም» አለ።

ኪኒን መዋጡ ቀላል ነው። እማማ ብርዛፍን «እጅዎ ጎድቶኛል» ማለት ግን! ከደሃና ድረስ በእግራቸው የሚመጡልኝን ሴት! በሚቀጥለው ገበያ መጡና ቀንዱን ፈቱ።

«እማማ፣ ዛሬ ይቅርብኝ፤ ጉንፋን ይዞኛል።»

«ጉንፋኑንም ያወጣዋል። እግርህን አምጣ።»

«የዩኒፎርም ሥራ ተደርቦብኛል...»

«ተቀምጠህ አይደለም እንዴ የምትሰፋው? አምጣ እንጂ!»

አለሚቱ ከጓዳ ብቅ አለች። «ወይ ንገራቸው፣ ወይ እኔ ልንገራቸው» አለችኝ። መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳቸው። ሐኪሙን፣ ኮምፒውተሩን፣ ብረቱን፣ ጎታውን፤ ሁሉንም። እማማ ብርዛፍ ቀንዶቹን መልሰው ጠቀለሉ። በኽምጣኛ አንድ ነገር አሉ። አለሚቱ ያን ቀን አልተረጎመችልኝም። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ አህያቸውን ፈቱና ገና በጠራራው የደሃናን መንገድ ያዙ።

ጫማዬን አጥልቄ ተከተልኳቸው። ከከተማው መውጫ ላይ ደረስኩባቸውና ከጎናቸው መራመድ ጀመርኩ።

«እማማ፣ ተቀየሙኝ?»

«እኔ ምን አባቴ ብዬ እቀየምሃለሁ። ደምህን ስጨርሰው የኖርኩ ሴት!»

«እርስዎ እኮ ስለሚወዱኝ ነው።»

«እሱንማ እወድሃለሁ» አሉ በቁጣ። ትንሽ ሄደው ደግሞ ድምፃቸው ተሰበረ። «የነገርከኝ ቀን ገና ሳትጨርስ አውቄዋለሁ፣ ልጄ። የኔም እኮ ነው።»

«ምኑ?»

«እግሩ። አለሚቱን ሳረግዝ ነው የጀመረኝ። እናቴ ዋግምት አደረገችልኝ። እሷ ስትሞት ለራሴ ማድረግ ለመድኩ። ሌሊት ተነስቼ የምፈጨው ወድጄ መሰለህ? ሰዉ ‹ብርዛፍ ብርቱ ናት፣ ጎረቤት ሳይነቃ ፈጭታ ትጨርሳለች› ይላል። ብርቱ አይደለሁም። እግሬ ነው የሚያስነሳኝ።»

መሀል መንገድ ላይ ቆምኩ። ይህን ያህል ዓመት ጭናቸው ላይ እግሬን አስቀምጠው ሲያባብሉኝ የሳቸው እግር ከስር ያቅበጠብጣቸው ነበር። ከእናታቸው በቀር ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ ለልጃቸውም ጭምር። እኔስ የማማርርላት ሚስት ነበረችኝ።

«እማማ» አልኩ፣ «ያ ሲሳይ ያነበበልኝ ነገር ላይ እርጉዝ ሴትን ይጀምራታል ይላል። ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል ይላል።»

እሳቸውም ቆሙ። «የኔንም ጽፈውታል?»

«ጽፈውታል።»

አህያዋን አዩ፣ መንገዱን አዩ። ከዚያ አንገቷን ይዘው ወደ ሰቆጣ አዞሯት።

ሲሳይ በደንብ መረመራቸው። ደማቸው ከኔም ያነሰ ነበር፤ «በዚህ ደም ነው ከደሃና በእግራቸው የሚመጡት?» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። በዕድሜያቸው ምክንያት ደም የሚያፈስ ሌላ ነገር እንዳይኖር ብሎ ብዙ ፈለገ፤ ሰገራቸው ላይ ደም የሚመጥ የሆድ ትል አገኘና እሱንም አከመ። እሳቸው ግን ዋናው ጉዳያቸው ሌላ ነበር። «ያን ሣጥን ክፈትና ለኔ የሚለውን አንብብልኝ» አሉት። እሱ በአማርኛ እያነበበ፣ አለሚቱ በኽምጣኛ እየመለሰችላቸው፣ እሳቸው ቆመው ሰሙ። ሲጨርስ ወደ ኮምፒውተሩ እጅ ነስተው «እግዜር ይስጥልኝ በለው» አሉ። ጸሐፊዋ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ሳቀች።

ኪኒኑን ሳያቋርጡ እንዲወስዱ እኛ ጋ እንዲከርሙ አደረግን። ሎሚ ስንጨምቅላቸው ያማርራሉ። ሰገራቸው ሲጠቁር «ገደላችሁኝ!» ብለው ቤቱን በአንድ እግሩ አቆሙት፤ የብረት ኪኒን እንዲያ እንደሚያደርግ ሲሳይ ነግሮኝ ኖሮ ለሳቸው መንገሩን ረስቼው ነበር። እናንተ እንዳትደነግጡ።

ቶሎ ዳንን ብዬ አልዋሻችሁም። ለሳምንታት ምንም አልነበረም። እኔም «ይሄም እንደሌላው ነው» ብዬ ልተወው ስል ሲሳይ ሱቄ ድረስ እየመጣ «ጎታው፣ ጋሽ ሙላው፣ ጎታው» ይለኛል። ከዚያ አንድ ሌሊት ሁለቴ ብቻ ተነሳሁ። ቀጥሎ አንዴ። ዳገቷን ሳልቆም ወጣኋት። አንድ ምሽት አለሚቱ ትራሷን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። «ከረገጥከኝ ተመልሼ ነው የምሄደው» አለችኝ። አልረገጥኳትም። ወይም ረግጫት ችላኛለች፤ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

አሁንም ጨርሶ አልለቀቀኝም። ድካም ሲበዛብኝ፣ ማታ ቡና ሲያታልለኝ፣ ብቅ ይላል። ያኔ ባቴን በሙቅ ውኃ አሽቼ ትንሽ እንጎራደዳለሁ። ይህን ያነበባችሁ ግን ተነስታችሁ የብረት ኪኒን አትግዙ፤ ብረት ላልጎደለበት ሰው ጉዳት አለው፣ ለሁሉም እግር መድኃኒቱ እሱ አይደለም። ደማችሁን አስለኩ። የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ዋግምት፣ ብጣት፣ ቅጠል፣ ምንም ይሁን፣ አፍራችሁም ሆነ ረስታችሁ አትደብቁ። ሐኪማችሁ «ቆይ ላንብብ» ካላችሁም አትናቁት፤ ጠብቁት።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። እማማ ብርዛፍ እኛ ጋ ሲከርሙ መደባቸው ሳሎን ነበር። አንድ ጠዋት አለሚቱ ቀድማ ተነሳች። ፀሐይ ወጥታ በበሩ ስንጥቅ ገብታለች። እናቷ መደቡ ላይ ናቸው፤ አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል፣ እግሮቻቸው ቀጥ ብለው ተዘርግተዋል፣ አንዱም አይንቀሳቀስም። አለሚቱ ተወልዳ እስከዚያ ቀን ድረስ እናቷን ተኝተው አይታቸው አታውቅም። «እማዬ!» ብላ ጮኸች። ያ ድምፅዋ መንደሩን በሙሉ ቀሰቀሰ። እኔ እየሮጥኩ ስወጣ ጎረቤቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ በበሩ መግባት ጀምረዋል፤ አንዷ ደረቷን መምታት ጀምራለች።

እማማ ብርዛፍ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ሰዉን ቃኙት። «ምን ሆናችኋል? ዝም በሉ እስቲ፤ ገና አልጠገብኩም» አሉና ወደ ግድግዳው ዞረው መልሰው ተኙ።

ሰዉን ሁሉ በእግር ጣት አስወጣነው። አለሚቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ጩኸቷን ሰምቶ ከላይኛው ሰፈር እያለቀሰ የሚመጣውን ሁሉ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «ቀስ በሉ፣ እናቴ ተኝታለች» እያለች እስከ እኩለ ቀን ስትመልስ ዋለች።